ድምፅ የሌላቸው ቁልፎች

ሠላሳ አንድ ቁልፍ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች፤ ድምፅ ግን የላትም።

መጀመሪያ ልብ የሚባለው ይህ ነው። ያን ያህል ብረት እርስ በርሱ እየተጋጨ ሰፈሩን ሊቀሰቅስ ሲገባው፣ ሴትዮዋ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እንደ ደመና ጥላ ታልፋለች። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። እያንዳንዱ ቁልፍ ከጥርሱ በቀር በሱፍ ክር ተጠቅልሏል። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ የጡብ መልክ፣ አንዱ የደረቀ ቅጠል፣ አንዱ ደግሞ ብዙ ታጥቦ ስሙ የጠፋ ቀለም። ከሩቅ እቅፍ አበባ የታጠቀች ትመስላለች። ሰፈሩ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሰዎች "ባለክሯ" ይሏታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

ስድሳኛ ዓመቷን ጨብጣለች። ቀጭን ናት፤ ደረጃ ስትወጣ መደገፊያ አትይዝም። ሥራዋ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ውሃ ትከፍታለች። ሰው በማይኖርባቸው ሠላሳ አንድ ቤቶች እየገባች፣ ቧንቧ እየከፈተችና እየዘጋች ትወጣለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግን ቀልድ አይደለም። ቤት ሰው ሲያጣ መጀመሪያ የሚታመመው ጣሪያው ወይም ግድግዳው ይመስላል እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ መታጠቢያ ሥር እንደ ክርን የታጠፈች ቧንቧ አለች፤ በእጥፋቷ ውስጥ አንድ ጉንጭ ውሃ ትቋጥራለች። ቤቱን ከከተማው ጉድፍ የምትለየው ያቺ ጉንጭ ውሃ ናት። ሰው እጁን ሲታጠብ ሳያውቀው ይሞላታል። ሰው ከሌለ ግን በጥቂት ሳምንት ትደርቃለች፤ ከዚያ በእብነ በረድ የተነጠፈው፣ መስተዋቱ ጣሪያ የነካው ቤት ሁሉ ከሥር በሚመጣ ግማት ይሞላል። አንድ ጉንጭ ውሃ! ያ ሁሉ ዋጋ የወጣበትን ቤት በክብሩ የሚያቆየው ይኸው ነው፤ የምትሞላውም ባለክሯ ናት።

ሌላ ሰው ቢሆን ውሃውን ከፍቶ እስከ መቶ ይቆጥር ነበር። እሷ አትቆጥርም፤ ታወራለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰማያዊውን ቁልፍ አዙራ ትገባና "እንዴት ሰነበትሽ መምህርት? ይኸው መስኮትሽን ደግሞ እርግብ አቆሸሸችልሽ፤ ያው እኔው ልጠርገው እንጂ" ትላለች። መምህሯ ያንን ቤት ከለቀቀች ስድስት ዓመት አልፏል። ክሩ ግን የእሷ ነው፤ ዕቃዋን ጭና ስትሄድ በሩ ጀርባ ረስታ ከተወችው ሹራብ የተተረተረ። የጡብ መልኩ የመንታዎቹ ነው። የደረቀ ቅጠል መልኩ ሌሊት ሌሊት ትሠራ የነበረችው የነርሷ። ሰው ቤት ሲለቅ አንድ ነገር ጥሎ መሄዱ አይቀርም፤ ባለክሯ የተጣለውን ሹራብ ሁሉ እያነሣች፣ እየተረተረች፣ ለቁልፍ ልብስ አደረገችው።

መጀመሪያውኑ ቁልፎቹን ማልበስ የጀመረችው ለዚያችው ነርስ ስትል ነበር። ነርሷ ጠዋት ገብታ ነው የምትተኛው፤ የቁልፍ ጋጋታ እንቅልፍ ይነሳታል። ነርሷ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። አሁን የሚቀሰቀስ ሰው የለም፤ ክሩ ግን እንዳለ አለ።

ሰፈሩ ባዶ የሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ። ቀጥለው ካሜራ የያዙ መጡ። ከዚያ አንድ ቃል መጣ፤ "ታሪካዊ" የሚል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰፈሩ አሮጌ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ደረጃው ይንቋቋል፣ ውሃው በፈረቃ ነው። በማግሥቱ ታሪካዊ ሆኖ አደረ። ያው ግንብ፣ ያው በር፣ ያው ከበሩ በላይ አፍንጫው የተሸረፈ የድንጋይ አንበሳ ነው፤ ዋጋው ግን ሰማይ ነካ። ነዋሪው ግማሹ ሸጦ፣ ግማሹ ኪራይ ተቆልሎበት፣ አንድ በአንድ ወጣ። ከዚያ የቤቶቹን ፊት ሳይነኩ ሆዳቸውን ዘረገፉት፤ ሦስት ቤተሰብ ተጣቦ ያደረበት ቦታ ለአንድ ሰው ሳሎን ሆነ። ያ አንድ ሰው ግን አልመጣም። ለገዢዎቹ ቤት ማለት ካዝና ውስጥ እንደሚቀመጥ ወርቅ ነው፤ ሳይነኩት ያድጋል። ሲመሽ ከመንገዱ ግራና ቀኝ መብራት የሚታይባቸው መስኮቶች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ።

ማዕዘኑ ላይ የነበረው ዳቦ ቤት አሁን ሽቶ ያለው ሻማ መሸጫ ነው። ከሻማዎቹ አንዱ፣ ቡናማ ብርጭቆ ውስጥ ያለው፣ "ትኩስ ዳቦ" የሚል ተጽፎበታል። ሲለኮስ እውነትም ዳቦ ዳቦ ይሸታል።

"ድሮ ዳቦውን ስንገዛ ሽታው ምርቃት ነበር" ይላል ሰዓት ሠሪው። "አሁን ሽታውን ሸጠው ዳቦውን ነሱን።"

ሰዓት ሠሪው ከመንገዱ ማዶ፣ ወርዷ ከበሯ በማይሰፋ ሱቅ ውስጥ አርባ ዓመት ተቀምጧል። ባለክሯ ከግድግዳ ሌላ የምታናግረው እሱን ብቻ ነው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንዲት ጥርስ የምታህል ብሎን ሲያነሳ ድንገት በሩ ላይ ትቆማለች።

"አንቺ ሴትዮ! ልቤን ልታቆሚው ነው እንዴ? ድመት እንኳ ኮቴ አላት!"

"ልብህ ከቆመ አንተው አስነሣው፤ ሙያህ አይደል?"

"ለደንበኛ እንጂ ለራሴ አልሠራም። ዋስትና አልሰጥም።"

ትስቃለች፤ ትንሽ ትቆማለች፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቤት ትሄዳለች። የቀኑ ወሬ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል።

ከሠላሳ አንዱ ቁልፎች አንዱ ብቻ ነጭ ክር አለው፤ ያልተነከረ። ያ ክር ከማንም ሹራብ አልመጣም፤ ከእናቷ የትከሻ ልብስ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰባት ቁጥር። ባለክሯ የተወለደችው እዚያ ነው።

አላገባችም። እንዳታገባ የከለከላት አልነበረም፤ ዛሬ ነገ ሲባል ቀን ቀንን እየወለደ ሄደ እንጂ። አባቷ ቀድመው ሞቱ፣ ታናሽ ወንድሟ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ እናቷ ታመው አልጋ ያዙ። ከበሩ ገባ ሲባል ስድስተኛዋ የወለል ጣውላ ስትረገጥ "ሲጢጥ" ትላለች። እናቷ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ከጓዳው አልጋ ሆነው ሰው የሚለዩት በዚያች ጣውላ ነበር። ወንድሟ ለጥየቃ ሲመጣ ድምፁ አጭር ነው፤ ረገጥ አድርጎ ያልፋታል። የጎረቤት ሲሆን ያመነታል። የእሷ ግን ረዘም ይላል፤ ጫማዋን የምታወልቀው እዚያው ቆማ ስለነበር።

"አንቺ ነሽ?" ይላሉ እናት።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ይህንን ተባባሉ። ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ "አንቺ ነሽ?" ተብሎ ይጠየቃል? ባለክሯ ለሦስት ሰው የሚበቃ ተጠይቃለች፤ ያኔ ግን አልታወቃትም። አንዳንዴም ደክሟት ስትገባ "ታዲያ ማን ይሁን?" ብላ ተቆጥታለች። ይቺን ቁጣ ዛሬም ድረስ አልረሳቻትም።

እናቷ በሞቱ በዓመቱ ወንድሟ ደወለ። "እታለም፣ ግድግዳ አቅፈሽ ልትኖሪ ነው? ዕድሜሽን ለዚያ ቤት ገበርሽ፤ አሁን እንኳ ልቀቂው።" ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚስትና ልጆች አሉት፣ ቤቱም የሁለቱም ውርስ ነው። ፈረመች። የሚገርመው ፊርማዋን ስታኖር ምንም አልመሰላትም። የገባት በሳምንቱ፣ ከገበያ ስትመለስ ያለ ሐሳቧ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ፣ በተቆለፈው በር ፊት ቦርሳዋን ስትበረብር ነው። ቤቶቹን የሚያሻሽጠው ደላላ እዚያ ቆማ አገኛትና፣ ሰፈሩን ከእሷ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ሲረዳ፣ ከደረጃው ሥር ያለችውን የዘበኛ ክፍል ሰጥቶ ቁልፎቹን አስረከባት።

ሰባት ቁጥርም እንደሌሎቹ ሆዱ ተዘረገፈ። ግድግዳው ፈረሰ፣ ጣሪያው ነጣ። ወለሉን ግን አልነኩትም፤ "የጥንት ወለል" የሚለው ቃል ዋጋ ይጨምራላ። ስለዚህ ስድስተኛዋ ጣውላ ተረፈች።

ሐሙስ ሐሙስ ሰባት ቁጥርን መጨረሻ ታደርገዋለች። በሩን ትከፍታለች፤ ጣውላዋ ላይ ቆማ ጫማዋን ታወልቃለች። ሲጢጥ። "እኔ ነኝ" ትላለች። የጠየቃት የለም። ከዚያ ውሃውን ከፍታ ትዘጋና መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ አንድ ሰዓት ያህል። ምንም አትሠራም። በሳምንቱ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች የእሷ የምትላት ይቺ ብቻ ናት፤ የቀሩት የሌላ ሰው ናቸው።

አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። የቤቱ ባለቤት አንድም ቀን አልመጣም። ባለክሯም ፊቱን ያላየችውን ያን ሰው በልቧ ታመሰግነው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ደላላው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ። ሰፈሩ "ግዴለም" ነው የሚለው፤ ስሙን ያወጣለት ሰዓት ሠሪው ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ስልክ የሚይዝ፣ ክፋት የሌለበት ልጅ ነው፤ ጣሪያ ቢወድቅ "ግዴለም፣ ሰማይ ይታያል" ብሎ የሚሸጥ።

"እትዬ፣ ምሥራች!"

"ምሥር ብላ! ምን ተገኘ?"

"ሰባት ቁጥር ተሸጠ በሉኝ! ባለቤቱ ልሽጠው አለ፤ ገዢዋ ቅዳሜ መጥታ ታየዋለች።"

ባለክሯ የያዘችውን መወልወያ ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

"እንደነዚያኞቹ ናት? ገዝታ የምትጠፋ?"

"ኧረ ይቺስ ልትኖርበት ነው! ጡረታ ወጥታለች፤ ብቻዋን ናት፤ ጸጥ ያለ ቤት ነው የምፈልገው ብላኛለች። ደስ አይልዎትም? ጎረቤት አገኙ እኮ!"

ጎረቤት። ስንት ዓመት "አንድ መስኮት በበራልኝ" ስትል ኖራ፣ አሁን ሊበራ ያለው መስኮት የራሷ ሆነ።

"ባዶ ቤት ሰው ያቀዘቅዛል" አለ ግዴለም፣ በአንደኛው ስልኩ እየጻፈ። "ሰው የሚኖርበት ያስመስሉልኝ። ዕቃ በካርቶን ትቼልዎታለሁ። እኔ እስከ ቅዳሜ የለሁም።"

"ሰው የሚኖርበት?"

"አዎ፤ ትንሽ ነፍስ ይዝሩበት። ግዴለም፣ እርስዎ ያውቁበታል።"

ካርቶኑ ውስጥ ነጫጭ ፎጣዎች፣ አንድ ትልቅ የብርጭቆ ሳህንና ስድስት ሎሚዎች ነበሩ። አንዷን ሎሚ ጨመቅ አደረገቻት፤ ገባ አለችና ተመልሳ ተነፋች። ፕላስቲክ ናት። ሎሚዋን እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። እሱም እንደ ልማዱ ደነገጠ፣ እንደ ልማዱ ተራገመ፣ ከዚያ ሎሚዋን በማጉያው አገላብጦ አያት።

"ለሀብታም ሆድ ይሄ ይስማማል። አይኮመጥጥም።"

"ቀልድህን ተወኝ። ሰባት ቁጥር ሊሸጥ ነው። ገዢዋ ልትኖርበት ነው የምትመጣው።"

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። ስለ ሐሙሷ ሰዓት ነግራው አታውቅም፤ ግን ሐሙስ ሐሙስ የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ሲከፈት ያያል።

"ብትጠላውስ?" አለች ባለክሯ። "ሰው የሚኖርበት አስመስይ አይደል የተባልኩት? እንዴት እንኖር እንደነበር ላሳያት። የተሰበረውን ወንበር፣ የተለበለበውን ጠረጴዛ፣ ሳሎን ውስጥ የተሰጣውን ልብስ ትየው። ሀብታም ድህነት ካየ እግሬ አውጪኝ ነው።"

ሰዓት ሠሪው ሎሚዋን እያንከባለለ አሰበ። "እኔ እንጃ" አለ በመጨረሻ። "እነዚህ ሰዎች እኮ የዳቦ ሽታ የሚገዙ ናቸው..."

ቀና ሲል በሩ ባዶ ነበር። ስትሄድም ኮቴ የላትም።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከምድር ቤት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትመላለስ ዋለች። ቤቱ ሲሸጥ አላስጥል ብሏት እዚያ ያጨቀችው የእናቷ ዕቃ ነበር። ጠረጴዛውን ገልብጣ በጀርባዋ አወጣችው፤ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ መሀሉ ላይ ካውያ ያረፈበት ጥቁር ምልክት አለ። ወንድሟ በልጅነቱ በገመድ የሠራውን ወንበር አወጣች። የብረቱን አልጋ በሁለት ዙር አወጣችና ጓዳው የነበረበት ቦታ ላይ ገጠመችው፤ አጠገቡ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ኩባያ። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥራ የተጣፈ አንሶላ ሰጣችበት። ድሮ ጣሪያው የሚያፈሰው በቀኝ ጥግ ስለነበር አረንጓዴውን ሳፋ እዚያ አኖረችው። ጣሪያው ግን አሁን አያፈስም። ትንሽ አሰበችና ራሷ ውሃ ጨመረችበት።

ልታስጠላ ነበር የወጣችው። መቼ እንደተረሳት አታውቅም። ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ አንድ ስንዝር መጠጋት አለበት ብላ አስጠጋችው፤ ኩባያው ጆሮው ወደ አልጋው መዞር አለበት ብላ አዞረችው፤ የእናቷ እጅ የሚደርሰው በዚያ በኩል ነበርና። አመሻሹ ላይ በሩ ጋ ቆማ ዘወር ብላ ስታየው ቤቱም መልሶ አያት። ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ሌላው መጣ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

ቅዳሜ ገዢዋ መጣች። ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ከባለክሯ ብዙም የማታንስ ሴት ናት። ግዴለም ከኋላዋ ገብቶ አንሶላውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እትዬ!" ብሎ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከ፣ "ሎሚውስ?"

"አለ፤ አልኮመጠጠም።"

ገዢዋ አልሰማቻቸውም። ሳሎኑ መሀል ቆማለች። አንሶላውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ጓዳውን አየች፤ አልጋውን፣ ኩባያውን። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የካውያ ምልክት ዳበሰችው። ባለክሯ "አሁን ትሄዳለች፣ አሁን ካፖርቷን ሰብስባ ትሄዳለች" እያለች ጠበቀች። ሴትዮዋ ዞር ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አሥር ያህል ቤት አይቻለሁ" አለች። "ሁሉም ሆቴል ነው የሚመስለው። እዚህ ግን ሰው ኖሯል።"

ግዴለም ነፍሱ ተመለሰች። "ግዴለም... ማለቴ፣ ሆን ብለን እኮ ነው! የቤቱን ታሪክ እንዲያዩት ብለን።"

"ይቺ ጠረጴዛ የማን ናት?"

ባለክሯ "የእናቴ" ልትል አፏን ከፈተች። የእናቴ ካለች ግን እናትዎ የት አሉ፣ ታዲያ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ የሚለው ይከተላል፤ ያንን ሁሉ በእንግዳ ፊት የምትዘረግፍበት ጉልበት አጣች።

"የቤቱ ናት" አለች።

"እንግዲያው ከቤቱ ጋር ትቆይልኝ። ሁሉም እንዳለ ይሁን፤ አንድም ነገር እንዳትነኩ።"

ስትወጣ በሩ አጠገብ ቆማ ካፖርቷን ቆለፈች። ሲጢጥ አለ። ረዘም ያለ፣ ልክ ጫማውን እንደሚያወልቅ ሰው። የባለክሯ ዓይን ወደ ጓዳው ሮጠ። አልጋው ባዶ ነው፤ ማንም አልጠየቀም።

"ይቺን ብቻ" አለች ገዢዋ ወደ እግሯ እያየች፣ "ይቺን ጣውላ አስቸንክሩልኝ። እንቅልፌ እንደ ወፍ ነው፤ ሲጢጥ ሲል አልወድም።"

"ግዴለም!" አለ ግዴለም። "ሐሙስ አናጢ ይመጣል።"

ያን ቀን ሱቁ ሄዳ የሆነውን ለሰዓት ሠሪው ነገረችው። ወንበሩን ገፋላት። "ቤቱን ሁለቴ ሸጥሽው በይኛ" አለ ቀስ ብሎ። ሎሚዋ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ በተፈቱ ሰዓቶች መሀል፣ አለች።

ሐሙስ አናጢው መዶሻውን ከነከረጢቱ በሩ ጋ አኑሮ፣ ጣውላዋን አንድ ጊዜ ተራምዷት ገባ።

"የቷ ናት እማማ?"

"ያቺ" አለች ባለክሯ፤ መስኮቱ ሥር ያለችውን አሳየችው።

ረገጣት። ዘለለባት። "ይቺማ ዲዳ ናት።"

"እንግዲያው ያቺኛዋ።"

"ይቺም አትናገርም። እማማ፣ ያልታመመ ጥርስ ሊያስነቅሉኝ ነው?" እየሳቀ ከረጢቱን ሊያመጣ ወደ በሩ ተመለሰ። ሲጢጥ። ባለክሯ በዚያች ቅጽበት ጣውላዋን እንደ ሰው ተቀየመቻት።

"ይኸው፣ ራሷ ወጣች" አለ አናጢው።

"አንዴ ደረጃው ላይ ጠብቀኝ፣ የኔ ልጅ። ውሃ ከፍቼ ልዝጋ።"

ወጣላት። ወደ ውሃው አልሄደችም። ጣውላዋ ላይ ቆማ አንዱን ጫማ አወለቀች፣ ከዚያ ሌላውን። ሲጢጥ አለ፤ ያው የቀድሞው ረጅም ድምፅ። እንደ ሌላው ሐሙስ ቀድማ አልተናገረችም። ጠበቀች። አንሶላው ገመዱ ላይ አልተነቃነቀም። ኩባያው ጆሮውን ወደ አልጋው አዙሮ ተቀምጧል። በጣም ረጅም ጊዜ ጠበቀች፤ አናጢው ውጭ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ነበርኩ" አለች። "እኔ ነበርኩ፣ እማዬ።"

አራት ሚስማር ነው የፈጀው። ሲያበቃ አናጢው ወጣ ገባ ብሎ ሞከራት፤ ምንም አላለችም። ጥሩ ሥራ ነበር።

በማግሥቱ ግዴለም ቁልፉን ሊረከብ መጣ። ባለክሯ ቁልፉን ከቀለበቱ አወጣችና ነጩን ክር ጫፉን ፈልጋ መተርተር ጀመረች።

"ኧረ ግዴለም እትዬ፣ ከነክሩ ይስጡኝ! ሴትዮዋ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች።"

"ክሩ የቤቱ አይደለም" አለች። ተርትራ ጨርሳ ራቁቱን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ቀዝቃዛ ነበር።

አሁን ሰባት ቁጥር ማታ ማታ መብራት አለው። ገዢዋ ትሑት ሴት ናት፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ቆማ ሰላም ትላታለች፣ "ቤቱን እንዴት እንደወደድኩት ቢያውቁ" ትላታለች። ባለክሯ "ይመችዎ" ትላለች፤ ከልቧም ነው። ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍሏ ሆና ወደ ላይ ጆሮዋን ብትጥል የሚሰማ ነገር የለም። የሰባት ቁጥር ቧንቧ በየቀኑ ይሞላል፤ የእሷን ጉንጭ ውሃ አይፈልግም። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰዓት ይተርፋታል፤ የት እንደምታኖራት አታውቅም።

ይህን ሁሉ ለዚህ ታሪክ ጸሐፊ ያወራችው ከእነዚያ ትርፍ ሰዓቶች በአንዷ፣ ዋናው መግቢያ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነው። እያወራች እጇ አልቦዘነም። የቀሩትን ቁልፎች አንድ በአንድ ትፈታለች፤ የመምህሯን፣ የመንታዎቹን፣ የነርሷን። ክሮቹ ጭኗ ላይ ተደባልቀው ትልቅ፣ መልከ ብዙ ድውር ሆኑ። ነጩ ከሁሉም ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የተጠቀለለው እሱ ነበርና አይታይም።

"ታዲያ ቤቶቹን እንዴት ይለዩአቸዋል?" ተብላ ተጠየቀች።

"እጄ ያውቃቸዋል።"

"ለምን ፈቱት?"

መጨረሻውን ቁልፍ፣ የደረቀ ቅጠል መልኩን፣ ፈትታ ጨረሰች።

"ማንን እንዳልቀሰቅስ?" አለች።

ድውሩን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ኪሱ እንደ ትንሽ ሆድ ተነፋ። ቀለበቱን ወገቧ ላይ አስራ ተነሣች።

"እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ውሃው ይጠብቀኛል።"

ሄደች። ሠላሳው ራቁት ብረት በእያንዳንዱ እርምጃዋ ይንቃጨላል፤ ድንጋዩ ተቀብሎ ለግድግዳው ያቀብላል፣ ግድግዳው ለተዘጉት መስኮቶች። የሰዓት ሠሪውን በር ስታልፍ ከውስጥ፣ ሳያይ፣ ማጉያው ዓይኑ ላይ እንደሆነ፣ ድምፁ መጣ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች፤ ግን አልቆመችም። ቁልፎቹ ሻማ መሸጫው ማዕዘን ድረስ ተሰሙ፤ ከታጠፈችም በኋላ ትንሽ ተሰሙ።